ማይክሮፎን ጠጋኙና የጓዳው ግድግዳ

ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ታላቅ እህቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው፤ በዚያ ስም ቢጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ዞር ብሎ አያይም። ጆሮዎቹ ለፊቱ እንኳ ያነሱ ናቸው፤ ስሙን ያተረፈለት ሥራው ነው። ሌላው ሰው ጸጥታ የሚለውን እሱ አያምንበትም። አንገቱን ሰበር አድርጎ ያዳምጥና «እዚህ ቤት የሆነ ነገር ይጮኻል» ይላል፤ ሲፈለግ ደግሞ ይገኛል፣ ወይ ሊቃጠል የደረሰ አምፖል፣ ወይ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ። መኪና ሲያልፍ ሰምቶ የትኛው ጎማ አየር እንደጎደለው ይናገራል ይሉታል። ይኼኛው እንኳ ውሸት ነው፤ እሱ ግን አንድም ቀን አስተባብሎ አያውቅም።

ሥራው የጥንት ማይክሮፎን ማደስ ነው። ክንድ የሚያህሉ፣ ከብረት የተሠሩ፣ ሆዳቸው ውስጥ አምፖል የመሰለ የብርጭቆ ቲዩብ የሚበራባቸው ከባድ ነገሮች ናቸው፤ ቲዩቡ እስኪሞቅ ድረስ ምንም አይሰሙም። አናታቸው ላይ፣ ከወንፊቱ ሥር፣ ካፕሱል የሚባል ሳንቲም የሚያህል ክብ ነገር አለ። በካፕሱሉ ላይ የተወጠረው ወርቅ የተቀባ ሽፋን ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ድምፅ የሚሰማው እሱ ነው። ትንፋሽ ያበላሸዋል፣ አቧራ ያበላሸዋል፣ የጣት ወዝ ደግሞ ጨርሶ ይገድለዋል።

በወጣትነቱ ተራ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። አንድ የተዘጋ የስብሰባ አዳራሽ ዕቃው ሲጣል ከተሰባበሩት ወንበሮች መሃል የመጀመሪያዋን አገኘ። ሰባት ወር ታገላት። በስምንተኛው ወር ቲዩቧ ሞቀና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲያደርግ፣ እህቱ ጓሮ ካሰጣችው እርጥብ ሸሚዝ ላይ ጠብታ ሲወድቅ ሰማ፤ ጠብታው መሬት ሲነካ ብቻ ሳይሆን ከእጅጌው ሲላቀቅ ጭምር። ከዚያ ቀን ወዲያ ሰውየው ወደ ሬዲዮ አልተመለሰም። ዛሬ የራሱ የሆኑ አሥራ አራት አሉት። ለምን ሚስት እንዳላገባ ለሚጠይቁ እህቱ ናት የምትመልስለት፦ «አሥራ አራት አግብቶ የለም እንዴ? ሁሉንም በጥጥ ጠቅልሎ ነው የሚያስተኛቸው።»

እህቱን «እትዬ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት፣ እሷ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በስፌት መኪናዋ አሳደገችው። ለእሱ ስትል ሳታገባ ቀረች ይባላል። እሷ ግን «የረባ ወንድ ጠፍቶ ነው» ብላ ነገሩን ትዘጋዋለች። አሁን እሷ ሰባ ዓመት ሆኗት፣ እሱም ፀጉሩ ነጥቶ፣ በዚያው ቤት ይኖራሉ። የፊተኛው ክፍል የእሱ ሱቅም መኝታም ነው። ጓዳው የእሷ ነው፤ የብረት የስፌት መኪናዋ መሃል ላይ፣ አልጋዋ ደግሞ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ።

የጆሮ ሥራ ሕግ ቤቱን ሁሉ ይገዛል። ካፕሱል የሚከፈትበት ቀን ዘይት አይሞቅም፤ ሁለቱም ደረቅ ዳቦ በልተው ይውላሉ። ማይክሮፎን ሲፈተሽ ስልክ አይበራም፤ ስልክ መስመር ሲፈልግ ማይክሮፎኗ ይዛው ታንጫጫለች። እሱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ የሚነካው ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው፤ በአንድ እጅ የገባ ኤሌክትሪክ በሌላው እጅ ሲወጣ ልብ እንዳያገኝ። በሥራው ካሉ አደጋዎች አንዱንም ንቆ አያውቅም።

አንድ አመል ግን ነበረው፤ የተበላሸ ነገር ዓይኑ እያየ አያድርም። ወንበር ቢነቃነቅ እግሩን ይሞርዳል፣ የበር ማጠፊያ ሲጥ ቢል ዘይት ይቀባል። እንዴት እንደሚስተካከል ለማወቅ ሲቸኩል ለምን እንደተበላሸ ሳይጠይቅ ያልፋል። ማይክሮፎን ላይ ሲሆን ይጠይቃል፤ በተቀረው ዓለም ላይ ጊዜ የለውም።

ከጓዳው ጀርባ የነበረው አሮጌ ቤት ባለፈው ዓመት ተሸጠ፣ ፈረሰ፣ ቦታው በቆርቆሮ ታጠረ። ከቆርቆሮው ጀርባ መቆፈሪያ ማሽን ገብቶ ቁልቁል ይወርድ ጀመር። ምን እንደሚሠራ ለሰፈሩ የነገረ የለም። በቀዳዳ አጮልቆ ያየው ከሱቁ ፊት ለፊት የሚሠራው ጫማ ሰሪ ብቻ ነው፤ «ታቹ አይታይም» ብሎ ተመለሰ።

መጀመሪያ የጓዳው በር ከግርጌው መያዝ ጀመረ። ጆሮ መላጊያውን አምጥቶ ላገው፤ በሩ እንደ ድሮው ተከፈተ። ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ማሽኑ ሲሠራ ይንቀጫቀጩ ጀመር፤ ከሥራቸው ወፍራም ጨርቅ አነጠፈላቸው። ከዚያ ከመስኮቱ ጥግ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። ሞላት፣ አለሰለሳት፣ ቀባት። ቀለሙ ከመግጠሙ የተነሳ ቦታዋን እሱ ራሱ አጣው።

«ወንድምዓለም፣ ያቺ ነገር ደግሞ ተከፈተች» አለችው እህቱ ከሳምንት በኋላ።

«ሳይደርቅ ቀብቼው ነው። ደግሜ እሞላታለሁ።»

ሞላትም። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ በሩ እንደያዘ፣ ብርጭቆው እንደተንቀጫቀጨ፣ ስንጥቋም አፏን እንደከፈተች ይቀሩና የገባ የወጣው ሁሉ አይቶ ጉድ ይል ነበር። ትጉህ ሆነና ምልክቱን ሁሉ በእጁ አጠፋው። ይህን ሳስብ እናደድበታለሁ፤ ግን እጁን ላየ ሰው መናደዱም አይዘልቅም።

ጫማ ሰሪው አንድ ጠዋት ከወንበሩ ሳይነሳ «ጆሮ፣ ቤትህ ወደ ኋላው ሊቀመጥ ያሰበ ይመስላል» አለው። ጫማ ሰሪው ጀርባው የጎበጠ ሰው ነው።

«አንተ ቀጥ ብለህ ስትቆም ያኔ ቤቴን ታማለህ» አለ ጆሮ። ሁለቱም ሳቁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በዚህ መሃል አንዲት ባለስቱዲዮ መጣች። ወጣት ሴት ናት፤ ከከተማው ማዶ ባለ ምድር ቤት ውስጥ ዘፈን ትቀዳለች። በብርድ ልብስ የጠቀለለችውን ማይክሮፎን ጠረጴዛው ላይ ስትፈታው ጆሮ ያለ ልማዱ ከመቀመጫው ተነሳ። ከአሥራ አራቱ አንዷም እዚህች አጠገብ አትደርስም።

«አባቴ ናቸው የተዉልኝ፣ ጋሼ። ሃያ ዓመት ሳጥን ውስጥ ነበረች» አለች። «አንድ ሽማግሌ ዘፋኝ አሉ። ድምፃቸው ከምድር ሥር ነው የሚመጣው፤ ያንን የሚይዝልኝ ሌላ ማይክሮፎን አላገኘሁም። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ ወር ወዲያ ይዘፍናሉ ብሎ ተስፋ አልሰጣቸውም።»

«ትደርሳለች» አለ ጆሮ። መፍቻውን ከወዲሁ አንሥቶ ነበር።

በአሥር ቀን ውስጥ ሆድ ዕቃዋን አውጥቶ መለሰው። ቲዩቧን ለወጠ፣ የበሰበሱ ሽቦዎቿን አደሰ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ ካፕሱሏን በብሩሽ ጫፍ ጠረገ። ከዚያ እንደ ደንቡ ጠዋት፣ የመቆፈሪያው ማሽን ሥራ ሳይጀምር፣ ቤቱ ጭጭ ሲል፣ አበራትና ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ማዳመጫውን አጠለቀ።

መጀመሪያ የሰማው አየሩን ነው። ቀጥሎ የእህቱን መቀስ። ከዚያ በኋላ አንድ ያልጠበቀው ነገር መጣ፤ ጠቅ። ዝቅ ያለ፣ አጭር፣ ደረቅ እንጨት በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲሰበር የሚመስል። ተከትሎትም ከባድ ዕቃ በአሸዋ ላይ ትንሽ ተጎትቶ የቆመ የሚመስል። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ቤቱን አዳመጠ፤ ምንም የለም። መልሶ አጠለቀው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣ። ደብተሩ ላይ ቀኑንና «3» ብሎ ጻፈ።

በአሮጌ ማይክሮፎን ውስጥ ጠቅታ አዲስ ነገር አይደለም። ቲዩብ ሲያረጅ ጠቅ ይላል፤ ካፕሱል እርጥበት ሲይዝ ጠቅ ይላል። ስለዚህ ጆሮ እንደ ሙያው ሄደ። ቲዩቧን ደግሞ ለወጠ፤ በማግስቱ አምስት ጠቅታ። ኤሌክትሪክ የሚሰጣትን የኃይል ሳጥኗን ለወጠ፤ ዘጠኝ። ከራሱ ማይክሮፎኖች አንዱን በቦታዋ አቁሞ ሞከረ፤ ጸጥ። የእሱዎቹ እንደዚህችኛዋ ዝቅ ያለውን ድምፅ እንደማይሰሙ ያውቃል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ያንን ማስታወስ አልፈለገም። በመጨረሻ ካፕሱሏን ከሌላው አካሏ ነጥሎ አዳመጠ። ድምፁ ጠፋ።

«አገኘሁሽ» አለ። ካፕሱሉ ሲነጠል ድምፁ ከጠፋ፣ በሽታው ካፕሱሉ ውስጥ ነው። ሙያው የሚለው ይህንን ነው። የትኛውም ጠጋኝ እዚያ ላይ እጁን ያራግፍ ነበር። የተነጠለ ካፕሱል ከውጭም እንደማይሰማ ሰፈር ውስጥ ያለ ማንም ሰው ይነግረው ነበር፤ ችግሩ ሰፈር ውስጥ ያለ ማንም ሰው አልተጠየቀም።

ጉድጓዱንማ አስቦታል። እሑድ ማሽኑም ቆፋሪዎቹም የሉም፤ እሑድ አዳመጠ፤ አሥራ አራት ጠቅታ። «እንግዲህ ከጉድጓዱ አይደለም» አለና ጉድጓዱን ከሐሳቡ አወጣው። ካፕሱሏን ደግሞ ጠረገ። ሃያ ሁለት ሆነ። ሰላሳ ሆነ። በነካኋት ቁጥር እያባስኩባት ነው ብሎ ፈራ፤ የሰው አደራ ነው። እንጀራው የቆመበት እጁ ከዳው ብሎ ያሰበው ያን ሳምንት ነው፤ መብላት ተወ።

አንድ ጠዋት እህቱ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሲጽፍ አየችው።

«ምኑን ነው የምትቆጥረው?»

«የዚህችን በሽታ።»

«ይሻላታል?»

«ትድናለች።»

ወደ ጓዳው ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። «እኔም እኮ፣ ወንድምዓለም፣ ተኝቼ ሳለ…»

ጆሮ ግራ እጁን አነሳ። «አንድ ጊዜ ዝም በይልኝ፣ እትዬ። እየቆጠርኩ ነው።»

ከልጅነቱ ጀምሮ ሥራውን አክብራለት የኖረች ሴት ናት። በእግሯ ጣት ተራምዳ ገባች፣ በሩንም እንዳይጮኽበት ቀስ አድርጋ ገፋችው።

በማግስቱ አርባ አንድ ቆጠረ። ያኔ የማያደርገውን አደረገ። ከማይክሮፎኗ ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነቅሎ፣ ዝቅተኛውን ድምፅ የምታስቀር ሌላ ተከለባት። አበራት። መቀሱ አለ፣ አየሩ አለ፣ ጠቅታው የለም። አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ፤ የለም። ከወንበሩ በደስታ ተነሳ።

«እትዬ፣ ዳነች» አላት በበሩ በኩል።

«እሰይ። እንግዲህ ብላ» አለችው።

የዚያን ዕለት ጠግቦ በላ። በሩ እንደገና ከግርጌው መያዙን እህቱ ብትነግረውም፣ ማይክሮፎኗን አድርሶ ሲመለስ ሊልገው ተስማሙ። የሰፈሩ ሰው በዚያ ሳምንት ስለ ቤቱ መዝመም የማያወራ አልነበረም፤ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር ይወራ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የሚመለከተው እሱ ብቻ ሳይሰማ ቀረ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ማይክሮፎኗን ታቅፎ ከተማውን አቋርጦ ሄደ። የምድር ቤቱ ስቱዲዮ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ ነው። ባለስቱዲዮዋ አቆመቻት፣ አበራቻት፣ አንድ ሁለት ቃል ተናገረችባት። ፊቷ ሲቀየር አየ።

«ጋሼ፣ ታች ያለው ድምፅ የት ሄደ?»

«ጠቅ ጠቅ የሚል የታመመ ነበር። ቆርጬ ጣልኩልሽ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የምፈልገው እሱን ነው። ሰውዬው የሚዘፍኑት እዚያ ነው። እንደነበረች ይመልሱልኝ፤ ጠቅ ብትል በእኔ ይሁን።»

አልተከራከራትም። የነቀላትን ትንሽ ዕቃ በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ይዞ ነበር። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ከፍቶ መልሶ በየዳት። ቲዩቧ እስኪሞቅ ጠበቀ፣ ደብተሩን አወጣ፣ ማዳመጫውን አጠለቀ። የሴትየዋን የእጅ ሰዓት ሰማ። ሆዷ ሲጮኽ ሰማ። ከላይ ባለው መንገድ የጭነት መኪና ሲያልፍ፣ ከሩቅ፣ ከታች፣ ከምድሩ ውስጥ ሰማ። እርሳሱን አዘጋጅቶ ጠቅታውን ጠበቀ።

አምስት ደቂቃ። አሥር። ሩብ ሰዓት።

«ንጹሕ ናት እኮ» አለች ባለስቱዲዮዋ ሁለተኛውን ማዳመጫ ይዛ። «ምን ነበር ያስፈራዎት?»

ጆሮ በሐሳቡ አንድ በአንድ ቆጠረ። ቲዩቧ ያው ነው። ካፕሱሏ ያው ነው። የኃይል ሳጥኗም ሽቦዋም ያው ነው። የተለወጠው ክፍሉ ብቻ ነው። ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ፤ ሦስት፣ አምስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት፣ ሰላሳ፣ አርባ አንድ፤ በራሱ እጅ፣ ቀን በቀን፣ ተራ በተራ።

ስልኩን አውጥቶ እህቱ ጋ ደወለ። የተደወለለት ስልክ ዝግ ነው የምትለው ድምፅ መለሰችለት። ዝጊው ያላት እሱ ነው፤ ክፈቺው አላላትም፣ ስለዚህ አልከፈተችውም። ጫማ ሰሪው ጋ ደወለ።

«ጆሮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሰማህ?»

«እትዬን ከጓዳ አውጣልኝ። አሁኑኑ። ግድግዳው ሊወርድ ነው።»

ጫማ ሰሪው ቀልድ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ቀልድ ያልሆነውንም ያውቃል። መዶሻው ሲወድቅ ተሰማ። ሩጫ፣ የመንገዱ ጫጫታ፣ የሱቁ በር። ስልኩን እንደያዘ ነው የገባው። ከውስጥ የስፌት መኪናው ይሄድ ነበር።

«እትዬ፣ ቶሎ ይውጡ፣ ጆሮ ነው ያለው» ሲል ተሰማ።

መኪናው ቆመ። የእህቱ ድምፅ ከሩቅ መጣ፦ «በሩ ይዟል። ከታች ነው፣ ገፋ አድርገው።»

ትከሻ በሩን ሲመታ ሰማ። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ጠቅታው መጣ። በስልኩ ውስጥ ቀጥኖ ነው የመጣው፤ ያን ድምፅ ግን ጆሮ በየትም ቢሆን አይስተውም። ተከትሎትም ከባዱ ነገር በአሸዋ ላይ ተጎተተ፤ በዚህ ጊዜ መጎተቱ አላቆመም። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

የጓዳው ኋለኛ ግማሽ ወደ ጉድጓዱ ሄዷል። አልጋው ሄዷል፣ ቁም ሳጥኑም ከነጨርቁ ሄዷል። ጆሮ ሲደርስ ጫማ ሰሪው ከሰዎች ጋር ሆኖ፣ ትከሻው ተሰብሮ፣ በአንድ እጁ ብሎኬት ያነሳ ነበር። እህቱን ከሞት ያዳነለት ያ የብረት የስፌት መኪና ነው፤ የጣሪያው ወራጅ እሱ ላይ አርፎ ቆመ። ቀኝ እግሯ ግን ከወራጁ ሥር ነበር። ሐኪሞቹ ከጉልበቷ በታች ሊያተርፉላት አልቻሉም።

ሽማግሌው ዘፋኝ በዚያው ሳምንት ተቀዱ። ያማረ ነው ይላሉ። ጆሮ አልሰማውም።

በአራተኛው ቀን እህቱ መናገር ቻለች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፣ ግራ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ የሚነካው አንዳች ነገር ሳይኖር። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ጫማ ሰሪው ነው። ቀጥላ፦

«ያቺ ማይክሮፎንስ? እንደዳነች ቀረች?»

«አልታመመችም ነበር፣ እትዬ። የምትሰማው የእኛን ግድግዳ ነበር።»

ጣሪያውን አየች። የተቆጣች አትመስልም ነበር፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

«እኔም እሰማው ነበር» አለች። «ስተኛ፣ ከትራሴ አጠገብ፣ ግድግዳው ውስጥ ጠቅ ይላል። አንድ ቀን ልነግርህ ወጥቼ…»

«ዝም በይ አልኩሽ።»

«እየቆጠርክ ነበራ።» እጇን አንሥታ ጉልበቱ ላይ አኖረች። «ትንኝ ስታዛጋ የሚሰማ ወንድም አለኝ፤ የሚያሰጋ ቢሆን እሱ ይነግረኝ ነበር አልኩና ተኛሁ።»

ጆሮ ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ደብተሩ እዚያ ነበር፣ አርባ አንዱም አብሮ።